ማሰሪያው የት አለ?

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ከአንድ የውጭ አገር ማር ገዢ መልስ መጣልን። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። «ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን። ያልተጣራ ማር አንገዛም። መልካሙን ሁሉ እንመኝላችኋለን።» በቃ። ስልኬ ላይ ደጋግሜ አነበብኩት። ያልተጣራ ማር እንሽጥላችሁ ያላቸው ማን ነው?

እኛ ያቀረብነው የተጣራ ማር ነበር። የእርጥበት መጠኑ ከ18 በመቶ በታች ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 20 በመቶ ስለሆነ ማራችን ከሚፈለገው በላይ ጥሩ ነበር። ይህንን ሁሉ ጽፈናል። «ጽፈናል» የምለው አንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር ወክዬ ነው እንጂ የጻፍኩት እኔ ብቻዬን ነኝ።

የምኖረው ሞጣ ነው፤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እንደኛ ባለ ከተማ እንግሊዝኛ የሚፈልግ ወረቀት ሁሉ ዞሮ ዞሮ መምህር ቤት ይመጣል። የነፃ ትምህርት ማመልከቻ ይመጣል። የሐኪም ወረቀት ይመጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የንብ አናቢዎች ማኅበርም በኅዳር የቆረጠውን ማር ለውጭ ገዢ ለማቅረብ ሲያስብ እኔ ጋ መጣ። አባላቱ 43 ናቸው። ሊቀ መንበሩን አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ሰው ናቸው። «አንተ ጻፍልን፣ እኛ ማሩን እናዘጋጃለን» አሉኝ። እነሱ ማሩን አዘጋጁ። እኔም ጻፍኩ።

መልሱ ሲመጣ ጾመ ነቢያት ነበር። ማሩ ከገና በፊት ለጠጅ ቤቶች ተሸጠ። ዋጋው ካሰብነው በብዙ ያነሰ ነው። ማንም አልወቀሰኝም። አያ እንኳን «ገዢ አይጠፋም» ብቻ ነው ያሉኝ። ያ አነጋገራቸው ከወቀሳ በላይ ከበደኝ።

76 ቃል

አንድ ማታ ደብዳቤውን አውጥቼ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ መቁጠር ጀመርኩ። 76 ቃል ሆነ። «ማኅበራችን» የሚለው ባለቤት ሁለተኛው ቃል ላይ ያልቃል። «ልናቀርብላችሁ እንፈልጋለን» የሚለው ግስ የሚጀምረው 60ኛው ቃል ላይ ነው። በመሃል 57 ቃል አለ።

እነዚያ 57 ቃላት ምን ያደርጋሉ? ማኅበሩ በ43 አባላት መቋቋሙን ይናገራሉ። ዘመናዊና ባህላዊ ቀፎ እንደምንጠቀም ይናገራሉ። የባህላዊው ቀፎ ማር ሳይጣራ ከነሰፈፉ ለጠጅ ቤት እንደሚሸጥ ይናገራሉ። ጠጅ ምን እንደሆነ እንኳን ለፈረንጆቹ አስረድቻለሁ። ከዚያ የጎጃምን ደጋ፣ ክረምቱ ሲወጣ የሚፈነዳውን አበባ ሁሉ ገልጫለሁ። ይህ ሁሉ አልፎ ነው «የተጣራ ማር ልናቀርብላችሁ እንፈልጋለን» የሚለው የሚመጣው።

ስጽፈው በጣም ወድጄው ነበር። ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ክብደት ያለው፣ የተማረ ሰው የጻፈው ደብዳቤ መሰለኝ። ገዢው ግን 23ኛው ቃል ላይ «ያልተጣራ» የሚለውን አገኘ። ምን እየሸጥን እንደሆነ ገና አልነገርነውም፤ ስለዚህ የምንሸጠው እሱን ነው ብሎ ወሰደው። በቀን ስንት ደብዳቤ እንደሚያነብ ማን ያውቃል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ የምረዳው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ የርዝመት ነው ብዬ ደመደምኩ። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይባል የለ? ዓረፍተ ነገሩ በዛ፣ ረዘመ፣ ከበደ። ማሳጠር ነው፣ አለቀ። ይህ ሐሳብ ግማሽ እውነት ነበር። ግማሹ ግን ቆይቶ ሌላ ጥፋት አስጠፋኝ።

ከቅዳሴ በኋላ

ከማኅበሩ አባላት አንዱ የቅኔ መምህር ናቸው። ንብ የሚያነቡት ለሰሙ ብለው ነው፤ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል። ቅኔ የተቀኙት በጎጃሙ የዋሸራ ቅኔ ቤት ነው። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ አባላት የወይራው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሳለ ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው። የተናገርኩት ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር።

የኔታ ዝም ብለው ሰሙኝና «እስቲ አንብብልኝ» አሉ።

«በእንግሊዝኛ እኮ ነው፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ። ቃሉን በአማርኛ በለው። አቀማመጡን ግን አትንካው። እነሱ እንዳገኙት አድርገህ ስጠኝ።»

እንደዚያ ተርጉሜ አላውቅም። ስንተረጉም ወዲያው ወደ አማርኛ አሰካክ እናዞረዋለን። እንዳለ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው። እያዘገምኩ ጀመርኩ። «ማኅበራችን… በ43 ሰዎች ተቋቁሞ… ዘመናዊ ቀፎና ባህላዊ ቀፎ እየተጠቀመ… ማሩ የማይጣራ…»

እጃቸውን አነሱ። «የየትኛው ማር?»

«የባህላዊው ቀፎ።»

«እሱን አንተ ታውቀዋለህ። ወረቀቱ አልነገረኝም። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ሰፈፉን አለፍኩ፣ ጠጁን አለፍኩ፣ አበባውን አለፍኩ። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው በጭራቸው ጫፍ መሬቱን ይነካሉ። አበባው መሃል ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«ማሰሪያው የት አለ?»

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ተማሪው ግሱን ሲያወርድ፣ አገባቡን ሲቆጥር፣ መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ ማን ነው፣ ተሳቢው ምንድን ነው፣ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግስ፣ የት አለ? እኛም ትምህርት ቤት በአማርኛ ሰዋስው ተምረነዋል። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ይጠየቃል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«ገና ነው የኔታ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ነው» አልኩ።

«በነሱ ቋንቋ ማሰሪያው ወዴት ነው የሚቀመጥ?»

«ከባለቤቱ ቀጥሎ።»

«ታዲያ ምን አራቀው?»

መልስ አጣሁ። ለ14 ዓመት ሰሌዳ ላይ «መጀመሪያ ባለቤት፣ ቀጥሎ ግስ» እያልኩ ጽፌያለሁ። ልጆቹን አስደግሜያለሁ። ራሴ ስጽፍ ግን ባለቤቱን አስቀምጬ፣ ግሱን እንደ አማርኛ ወደ ዳር ወስጄዋለሁ። ቃሉ እንግሊዝኛ ሆኗል፤ የሐሳቡ አካሄድ የሞጣ ነው። ይህን ያየልኝ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ነው።

ቦዝ

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ራሳችን ቋንቋ አብዝቼ አስባለሁ። አማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይችላል። «ሌሊት ተነስቼ፣ በቅሎዬን ጭኜ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ገበያ ደርሼ፣ ማሩን ሸጬ ተመለስኩ።» ማንም አይደናገርም። ለምን? ቦዝ አንቀጹ፣ «ተነስቼ»፣ «ጭኜ» የሚለው ገና ያልታሰረው ግስ፣ ባለቤቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። «ጭኜ» ስል እኔ ነኝ። «ጭና» ስል እሷ ናት። «ጭነው» ካልኩ እነሱ ናቸው። በየእርምጃው ማን እንደሠራው ቃሉ ራሱ ይናገራል። ሰሚውም ማሰሪያው መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ተረጋግቶ ይጠብቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነው።

የእንግሊዝኛው ቦዝ እንዲህ አይደለም። ግሱ ላይ «ኢንግ» ይጨመርበታል፤ አለቀ። ማን እንደሠራው አይናገርም። «ቀፎውን ከፍቶ ንቦቹ ነደፉት» ብንል የከፈተው ሰውዬው ነው፤ «ከፍቶ» ነግሮናል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ በ«ኢንግ» ጀምሬ ከዚያ «ንቦቹ» ብዬ ብቀጥል ቀፎውን የከፈቱት ንቦቹ ይሆናሉ። ተማሪዎቼ ይህን ስህተት በየቀኑ ይሠሩታል። እኔም ቀይ መስመር አሰምርበታለሁ። ከየት እንደሚመጣ ግን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። የሚመጣው ከስንፍና አይደለም። በአማርኛ ፍጹም ትክክል የሆነ ልማድ ነው፤ የተሻገረው ግን እሱን ወደማይሸከም ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ነገር «ዊች» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ እንደኛ «የ» ገላጩን ከስሙ ጋር ታያይዛለች። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያስቀምጣል። «ያልተጣራው የባህላዊ ቀፎ ማር» ካልኩ ያልተጣራው የቱ እንደሆነ ጥያቄ የለውም። እንግሊዝኛ ግን ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል። ስለዚህ «ዊች» ከፊቷ ካገኘችው ስም ጋር ትጣበቃለች። ከፊቷ ሁለት ስም ካለ አንባቢው ይመርጣል። እኔ ሁለት ቀፎ ደርድሬ «ዊች»ን አስከተልኩ። የኔታን «የየትኛው ማር?» ያሰኛቸው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ቆጠራም አንድ ነገር ልበል። «አልነገርኩትም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይሆናል። ስለዚህ «አንድ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል አይብለጥ» የሚለውን ምክር ይዞ አማርኛ ላይ መቁጠር አይሠራም። እያንዳንዱ ቋንቋ የሚሰፈርበት የራሱ ቁና አለው።

ሰባራ ድልድይ

አሁን ሁለተኛውን ጥፋቴን ልናገር። የመጀመሪያው የጎዳው የማሩን ሽያጭ ነው፤ ይህኛው ልጆችን የነካ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ደብዳቤው ከከሸፈ በኋላ ስለ አጭር ዓረፍተ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ብዙ አለ። ኤል. ኤ. ሸርማን የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው ጥናት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በዘመናት እያጠረ መምጣቱን ቆጥሮ አሳይቷል። በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን በአማካይ 45 ቃል ያህል የነበረው በእሱ ዘመን 23 ገደማ ደርሷል። ሩዶልፍ ፍሌሽ የሚባል ጸሐፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ ቀመር አወጣ። የዓረፍተ ነገሩን አማካይ የቃላት ብዛት፣ የቃሉን አማካይ ክፍለ ቃል ይቆጥርና ጽሑፉ ቀላል ነው ወይስ ከባድ የሚለውን በቁጥር ይሰጣል። የብሪታንያ መንግሥትም ለድረ ገጹ ጸሐፊዎች ከ25 ቃል ያለፈውን ክፈሉት ይላል። ጥሩ ምክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል።

እኔ ግን ሕግ አደረግኩት። ክፍል ገብቼ «ከ12 ቃል በላይ አልቀበልም» አልኩ። ልጆቹም ታዘዙ። የሚመጣው ድርሰት ንጹሕ ሆነ። ስህተቱ ቀነሰ። እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ድርሰት መጣ። ስለ ራሷ ነው የጻፈችው። «አባቴ በሬውን ሸጠ። እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። እናቴ አለቀሰች። አሁን አባቴ በሬ ይከራያል።» አራቱም ትክክል ናቸው። አንድም ቀይ መስመር የለም። ነጥቡን ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ እጄ ቆመ።

አባቷ በሬውን የሸጠው እሷን ለማስተማር ነው? ወይስ ሌላ ችግር ነበረው? እናቷ ያለቀሰችው ስለ በሬው ነው ወይስ ልጇ ወደ ከተማ ስለሄደች? ጠርቼ ጠየቅኳት። በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ እኔን ለማስተማር በሬውን ሸጦ፣ ራሱ የሰው በሬ እየተከራየ ስለሚያርስ፣ እናቴ እሱን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች።» አንድ ትንፋሽ ነው። ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ምክንያቱ አለ፣ መዘዙ አለ፣ ፍቅሩም አለ። እኔ በ12 ቃል ሕጌ ያስጣልኳት ይህንን ነው። «ለምን በእንግሊዝኛ እንዲህ አልጻፍሽም?» አልኳት። «ይረዝማል ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለችኝ።

ከሞጣ ወደ አባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይባላል፤ በጣሊያን ጊዜ መሃሉ ተሰበረ። ወዲህም ወዲያም ያለው ግንብ ግን ቆሞ ቀረ። ለረጅም ዓመታት ሰው ክፍተቱን በገመድ ተጎትቶ ይሻገር ነበር። የልጅቷን ድርሰት ሳነብ ያ ድልድይ ነው የመጣብኝ። ሁለቱም ዳር ደህና ነው። «አባቴ በሬውን ሸጠ» ቆሟል። «እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ» ቆሟል። መሃሉን ግን አንባቢው በራሱ ገመድ ይሻገር ብለን ትተነዋል። ልጆቹ መሃሉን እንዳይሠሩት የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ ሕጉን ሻርኩት። ልጆቹ ፊት ተሳስቼ ነበር አልኳቸው። ከዚያ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ያደረገው ንግግር በጠቅላላው 272 ቃል ያህል ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አሥር ናቸው። የመጨረሻው ብቻውን 82 ቃል ነው። ከእኔ ደብዳቤ ዓረፍተ ነገር ይረዝማል! ነገር ግን ለመረዳት አያስቸግርም።

ልጆቹን «ማሰሪያውን ፈልጉ» አልኳቸው። ወዲያው አገኙት። ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። ባለቤቱና ግሱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀሪው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ብዙውም «ዛት» እያለ፣ «ዛት» እያለ ተራ በተራ ይያያዛል። አንባቢው የሚጠብቀው ነገር የለም። ዋናውን ገና ሲነሳ ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ የሚጫንለት ሁሉ ቦታ አለው። የእኔ 76 ቃል ግን አንባቢውን ባዶ እጁን አቁሞ ዕቃ የሚያሸክም ነበር፤ ምን ውስጥ እንደሚከተው አልነገርኩትም።

ለየኔታ ይህን ሳወራላቸው አልተገረሙም። «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ተማሪ የሚወድቅ በሁለቱም ነው» አሉኝ። ሁለቱም የቅኔ ዓይነት ናቸው፤ ቤት የሚሉት ስንኙን ነው። ቀጥለውም «ቅኔ ቢሰውር ያምርበታል። ደብዳቤ ግን ምን ቆርጦት ይሰውራል?» አሉ።

አባቶች «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ከልጅነቴ የምሰማው ነው፤ ስለ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስሰማው ያቺ ማሰሪያ ትዝ ትለኛለች። ባለጉዳይ እውነቱን ይዞም ሊሸነፍ ይችላል። እኛም ጥሩ ማር ይዘን ነበር።

31 ቃል

ዘንድሮ ማሩ ተቆርጧል። ተጣርቶ ባልዲ ውስጥ ገብቷል። አያ ሰሞኑን ቤት መጥተው «በል እንግዲህ፣ ጻፍልን» አሉኝ። እንደገና ለእኔ በመስጠታቸው ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተኝ።

አዲሱ ደብዳቤ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር አለው። የመጀመሪያው «የተጣራ ማር ልንሸጥላችሁ እንፈልጋለን» የሚል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስምንት ቃል። ሁለተኛው ምን ያህል እንዳለን ይናገራል። ሦስተኛው እርጥበቱን። ባህላዊው ቀፎ ጠፍቷል፤ ጠጅም የለም። አበባውን ሳልወድ በግድ አወጣሁት። ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ቀለል ይላል። ማንም ሰው፣ የትም አገር ቢሆን፣ ቆሞ እያነበበ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እምቢ ብሎኛል። ስለ ሴቶቹ አባላት ነው። ደብዳቤውን ስናዘጋጅ አንዷ «እኛንም ጻፈን እንጂ» አለችኝ። ልክ ናት። ድሮ ቀፎው ዛፍ ላይ ይሰቀል ስለነበር ማር መቁረጥ የወንድ ሥራ ነበር። ዘመናዊው ቀፎ ጓሮ ስለሚቀመጥ ሴቶቹ ራሳቸው ይከፍቱታል፣ ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ብሩም በእጃቸው ይገባል። በእንግሊዝኛ 31 ቃል ሆነ።

ሦስት ቦታ ቆርጬ አየሁት። ቀፎው ጓሮ ተቀመጠ፤ ነጥብ። ሴቶቹ ማር ይቆርጣሉ፤ ነጥብ። ብር ያገኛሉ፤ ነጥብ። የልጅቷ ድርሰት ሆነ። መልሼ አያያዝኩት። «ምክንያቱም» የሚለውን ካወጣሁት ያቺ ሴት የነገረችኝ ነገር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ግሱን ወደ ፊት አመጣሁት። «ሴቶቻችን የራሳቸውን ማር ይቆርጣሉ» ብሎ ይጀምርና ምክንያቱ ከኋላ ይከተላል። አሁንም 31 ቃል ነው። አንዲት «ዊች» አለችበት፤ ከፊቷ ያለው ስም ግን አንድ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለየኔታ አነብላቸዋለሁ። አቀማመጡን ሳልነካ።